650 ዲግሪ የገባው የ304 ሻፍት ለምን ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ዛገ?

ገላን_ቶርኖ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ባለሙያዎች። ጉዳዩ እዚህ ገላን ለወተት ታንከር የተሠራ የማማሰያ ሻፍት ነው። ስቴንለስ 304፣ ዲያሜትሩ 40 ሚሊ፣ ርዝመቱ 1.2 ሜትር፤ ታች ጫፉ ላይ ባለ 12 ሚሊ ሁለት ምላጭ በአርጎን ተበይዶበታል። ከብየዳው በኋላ እንዳይጣመም ተብሎ ውጥረቱን ለማስለቀቅ ምድጃ ገባ። 650 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 2 ሰዓት ቆየ፣ ምድጃው ሳይከፈትም እስከ ማግስቱ እዚያው በረደ። ሙቀቱና ሰዓቱ የተወሰደው ለተራ ብረት ከምንጠቀምበት ሠንጠረዥ ነው። ከዚያ ማኅተሙ (ፈሳሽ እንዳያፈስ የሚዘጋው ሲል) የሚያርፍበት ቦታ ብቻ በቶርኖ ተልጎ፣ የቀረው ጥቁር በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ተገጠመ።

7 ሳምንት ሳይሞላ ከላይ እስከ ታች መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ሞላበት። በየቀዳዳው አፍ ላይ ቡናማ ቅርፊት አለ፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ሥሩ ጥቁር ነው። የተላገው ቦታም አላመለጠም፣ ግን ቁጥሩ ያንሳል። ከዚያው ዘንግ የተቆረጠና ምድጃ ያልገባ ሌላ ሻፍት አለ፤ እሱ ብየዳው ዳር ካሉት አምስት ስድስት ነጠብጣቦች በቀር ንጹሕ ነው። ሁለቱም በየቀኑ በሳሙናና በበረኪና ይታጠባሉ። የዘንጉ ወረቀት ካርቦን 0.058 ይላል።

ሙቀቱ ነው ያበላሸው ወይስ በረኪናው? ሻፍቱስ ይድናል?

አቃቂ_ሜታሉርጂ፦

ወንድሜ፣ ሠንጠረዡ ነው ያሳተህ። ለተራ ብረት ትክክል የሆነው 600–650 ለ304 ከሁሉ የከፋው የሙቀት ሰፈር ነው።

ስቴንለስን የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲጫር ራሱን መልሶ እንዲሠራ ከሥሩ ያለው ብረት በተግባር 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ሊኖረው ይገባል። 304 ወደ 18 በመቶ አለው፣ ስለዚህ በቂ ትርፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ብረቱ ከ450 እስከ 850 ባለው ክልል ሲቆይ ግን ካርቦኑ ወደ ቅንጣቶቹ (ብረቱ የተገነባባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች) ወሰን ይሄድና እዚያ ክሮሚየሙን ይዞ ካርባይድ ይሆናል። ይህ ነው ሴንሲታይዜሽን የሚባለው።

ብዙ ሰው የሚስተው መጠኑን ነው። በካርባይዱ ውስጥ ለ6 የካርቦን አቶም 23 የክሮሚየም አቶም ይገባል፤ በክብደት 1 ግራም ካርቦን ከ16 ግራም በላይ ክሮሚየም ያስራል ማለት ነው። ያንተ ዘንግ 0.058 በመቶ ካርቦን ስላለው ሁሉም ቢታሰር የሚጠፋው ክሮሚየም 1 በመቶ ገደማ ነው። 18 ወደ 17 ቢወርድ ምን ይጎዳል ያሰኛል። ችግሩ ካርቦን ትንሽ ስለሆነ ከሩቅ ሮጦ ይመጣል፣ ክሮሚየም ግን በዚያ ሙቀት ከቦታው እምብዛም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ያ 1 በመቶ ከመላው ብረት ተዋጥቶ ሳይሆን ከወሰኑ አጠገብ ካለች እጅግ ቀጭን ጭረት ላይ ብቻ ይወሰዳል፤ ጭረቷም ከ12 በታች ትወርዳለች። የቅንጣቱ መሐል ደህና ሆኖ ዙሪያው ደካማ አጥር ይሆናል።

ክሎራይድ (ከጨውና ከበረኪና የሚመጣው) የሚገባው በዚያች አጥር ነው። አንዴ ቀዳዳ ከተጀመረ ውስጡ ኦክሲጅን ያልቅበታል፤ የሚሟሟው ብረት ከውሃው ጋር ተዋህዶ አሲድ ይፈጥራል፣ ተጨማሪ ክሎራይድም ከውጭ ይስባል። ስለዚህ ላዩን ብታጥበውም ውስጡ መብላቱን አያቆምም። ያ ከቅርፊቱ ሥር ያየኸው ጥቁር ይኸው ነው።

0.06 አካባቢ ካርቦን ላለው 304 ከ650 እስከ 700 ላይ በደቂቃዎች የሚቆጠር ጊዜ ይበቃዋል፤ ያንተ 2 ሰዓት ከቆየ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ክልል እያዘገመ ነው የወረደው። ካርቦኑ ከ0.03 የማይበልጠው 304ኤል ቢሆን ኖሮ ሰዓታት ይታገሥ ነበር። 321 ደግሞ ካርቦኑን በታይታኒየም ስለሚያስር ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው።

ብየዳና_አሲድ፦

የአቃቂው ወንድማችን ያለው ትክክል ነው፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ ካርባይድ ላይ መጫን አይገባም። ጥያቄውን ደግማችሁ አንብቡት፦ ጥቁሩ ቦታ ላይ ቀዳዳው በዝቷል፣ ተልጎ የጸዳው ቦታ ላይ አንሷል። የካርባይድ ብቻ ቢሆን ሁለቱም እኩል ይበሉ ነበር፤ ምክንያቱም ሴንሲታይዜሽኑ እስከ መሐል ድረስ ነው።

ልዩነቱን ያመጣው ጥቁሩ ራሱ ነው። ስቴንለስ አየር ባለበት ምድጃ ሲሞቅ ላዩ ላይ የሚወፍረው ኦክሳይድ ክሮሚየሙን የሚወስደው ከሥሩ ካለው ብረት ነው። ስለዚህ ከጥቁሩ በታች ክሮሚየም ያነሰው ስስ ቆዳ ይቀራል። የሽቦ ብሩሽ ጥቁሩን ያነሳል እንጂ ያንን ቆዳ አያነሳም። ብሩሹ ደግሞ የተራ ብረት ሽቦ ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ ተራ ብረት የነካ ከሆነ፣ የብረት ቅንጣት እየቀባ ነው የሚሄደው፤ የዝገት ዘር መዝራት ነው። በብየዳው ዳር ያለው ሰማያዊና ቡናማ ቀለምም እንዲሁ ነው። ምድጃ ያልገባው ሻፍት ብየዳው ዳር ብቻ የነጠበው ለዚህ ነው፤ ካርባይድ አይደለም። ቀለሙ ካልተነሳ ምንም ዓይነት ምርጥ ስቴንለስ ቢሆን እዚያ ይጀምራል።

በረኪናውን እንመልከት። እኛ ባሕር የለንም፣ ጨዋማ ነፋስም አይመጣብን፤ ስለዚህ ክሎራይዱ ከየት መጣ ስትሉ መልሱ ባልዲው ውስጥ ነው። የቤት በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አለው፤ በሊትር ወደ 50,000 ሚሊግራም ማለት ነው። ለስቴንለስ ማጽጃ በሊትር 200 ሚሊግራም ይበቃል፤ ይህም ለ100 ሊትር ውሃ 400 ሚሊ ሊትር በረኪና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተጨመረ፣ ወይም ከ20 ደቂቃ በላይ ከተተወ፣ ወይም ሳይለቀለቅ ከደረቀ፣ 304ን ይበሳል። የመጨረሻው ከሁሉ ይብሳል፤ ጠብታው ሲተን ጨው እየጠነከረ ይሄዳል። በነገራችን ላይ በረኪናና አሲድ አንድ ባልዲ ውስጥ በፍጹም እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ፦ ሙቀቱ በሩን ከፈተ፣ ያልተነሳው ጥቁር በሩን አሰፋው፣ በረኪናው ገባ። ከሦስቱ አንዱ ባይኖር 7 ሳምንት ላይ ይህን አታይም ነበር።

ገላን_ቶርኖ፦

ጋሼዎች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብሩሹ በእርግጥም የተራ ብረት ነው። በረኪናው በሊትር ሳይሆን በግምት ነው የሚፈሰው። ምድጃችን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ 1,150 ዲግሪ ይደርሳል፣ ቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያው) ኬ ዓይነት ነው። አሁን ይህ ሻፍት እንዲድን ምን ላድርግ? ደግሞስ መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ?

አቃቂ_ሜታሉርጂ፦

ይድናል፣ ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ። ካርባይዱን መልሶ የሚያሟሟው ሶሉሽን አኒሊንግ ነው፤ ለ304 ከ1,040 በላይ፣ 1,060 ላይ አድርገው። ቅደም ተከተሉ ከሙቀቱ እኩል ወሳኝ ነው፣ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፈው።

ጉድጓዱን ከምድጃው በፊት በቶርኖ አውጣ። ጉድጓድ ከላይ ጠባብ ሆኖ ከሥር ይሰፋል፣ ዓይንህ ባየው ልክ አትቁም፤ የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላ 0.3 ሚሊ ጨምረህ ላግ። በዳያል ኢንዲኬተር መርፌ ጥልቀቱን ቀድመህ ለካ። 0.5 ሚሊ ከሆነ 40 የነበረው 38.4 ሊሆን ነው፤ ማኅተሙና ቤሪንጉ ይችሉት እንደሆነ እዚያው ወስን፣ ካልቻሉት ምድጃውን አታሙቅ። ላዩ ላይ ለመጨረሻው ልገት በዲያሜትር 1 ሚሊ ተርፎ ቢገባ ጥሩ ነው፤ ያ ካልተገኘ ጥቁሩን በአሲድ ነው የምታነሳው።

ከዚያ ዘይቱን፣ የቶርኖ ማቀዝቀዣውን፣ የማርከር ጽሑፉን ሁሉ በአሴቶን አጽዳ። ዘይት ምድጃ ውስጥ ካርቦን ሆኖ ወደ ብረቱ ይገባል። ከሰል አጠገቡ እንዳይኖር፤ ጋልቫናይዝድ ሽቦም አታስረው፣ ዚንኩ ቀልጦ ስቴንለስን ይሰነጥቃል። 1,060 ላይ 304 በራሱ ክብደት ይጎብጣል፣ ስለዚህ በየ20 ሳንቲሜትሩ ንጹሕ የእሳት ጡብ ደግፈው ወይም አቁመህ ስቀለው። ሌላ ቴርሞካፕል ካለህ ሻፍቱን አስነካው፤ የምድጃው ግድግዳ 1,060 ሲል የ40 ሚሊ ዘንግ መሐል ገና 900 ሊሆን ይችላል። ሰዓት የሚቆጠረው ብረቱ ራሱ ከደረሰ በኋላ ነው። የተለመደው ስሌት ለ25 ሚሊ ውፍረት 1 ሰዓት ስለሆነ ላንተ 1 ሰዓት ተኩል። ከዚያ በላይ ማቆየት ቅንጣቱን ያሳድጋል እንጂ አይጠቅምም።

አሁን መንከሩ። ሥራው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ከ850 እስከ 450 ያለውን ክልል ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማለፍ አለበት። ለዚህ ውፍረት አየር አይበቃም፤ ውሃ ነው፣ የሚናወጥ ውሃ። ሻፍቱ 12 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን 200 ሊትር ውሃ የሚሞቀው በ8 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው፤ የውሃው መጠን በቂ ነው። ችግሩ ቁመቱ ነው። ተራ በርሜል 90 ሳንቲሜትር አይሞላም፣ ሻፍቱ 1.2 ሜትር ነው። ግማሹ ውሃ ውስጥ ግማሹ አየር ላይ ከቀረ ላይኛው ክፍል እንደገና ሴንሲታይዝድ ይሆናል። ሁለት በርሜል አንዱን በአንዱ ላይ በይደህ ረጅም ገንዳ ሥራ፤ ሻፍቱም ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይግባ፣ ተኝቶ ከገባ አንደኛው ጎን ቀድሞ ስለሚበርድ ይጣመማል። ከምድጃው አፍ እስከ ውሃው ከ10 ሰከንድ በላይ እንዳይወስድ ምድጃው ሳይሞቅ ሁለት ሦስቴ ተለማመዱት። የሚይዘው ሰው ፊት መከለያና ረጅም የቆዳ ጓንት ያድርግ፣ ውሃው ይረጫል።

መብራት ከጠፋ፦ ብረቱ ገና ከ450 በታች ከሆነ ተወው፣ ሲመጣ ቀጥል። 1,000 ካለፈ በኋላ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ፤ በሩን ክፈትና ወዲያው ንከረው፣ ሰዓቱን ስላልጨረሰ በሌላ ቀን ከመጀመሪያው ትደግመዋለህ። ከሁለቱ መሐል ላይ ከጠፋ ምንም ብታደርግ ሴንሲታይዝድ ሆኗል ብለህ ቁጠረው፤ አይጠፋም ግን፣ በሚቀጥለው 1,060 ይሟሟል። ትልቁ ስህተት ምድጃ ውስጥ በርዶ የወጣውን እንደ ታከመ ቆጥሮ መግጠም ነው።

ውጥረት ማስለቀቅ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ ለ304 ከ400 አትለፍ። የሚለቀው ከፊሉን ነው፣ ግን ክሮሚየሙን አይነካም።

ሰበታ_ቢላ፦

ይቅርታ በዚሁ ላይ ልጠይቅ፤ ለሥጋ መፍጫ የሚሆን የ420 ምላጭም እንዲሁ 1,060 ገብቶ ውሃ ይነከራል? ያልጠነከረው ቀድሞ ነው የሚዝገው፣ ይህ ለምን ይሆናል?

አቃቂ_ሜታሉርጂ፦

420 ሌላ ቤተሰብ ነው፣ ሕጉም ይገለበጣል። ክሮሚየሙ ከ12 እስከ 14 ብቻ ነው፣ ካርቦኑ ግን ቢላ በሚሠራበት ዓይነት 0.3 አካባቢ። ከፋብሪካ ለስላሳ ሆኖ ሲመጣ ብዙው ክሮሚየም ካርባይድ ውስጥ ተቀምጧል፣ ለሽፋኑ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ያልጠነከረው ቀድሞ የሚዝገው ለዚህ ነው። ማጠንከር ማለት ያንን ካርባይድ ማሟሟትም ነው። ከ1,000 እስከ 1,050 አድርሰህ በዘይት ንከር፤ ስስ ከሆነ የቬንትሌተር ነፋስ ይበቃዋል። ውሃ አይደለም፣ ይሰነጠቃል። ለቁጠባ ብሎ 930 ላይ ያወጣ ሰው ምላጩ ይለሰልሳል፣ ያውም ይዝጋል፤ በአንድ ስህተት ሁለት ኪሳራ። ከ1,050 በላይ ደግሞ ያልተለወጠ ኦስተናይት (ለስላሳው የብረት መዋቅር) ይቀርና ጥንካሬው ይወርዳል።

በእጅ ለመንካት እስኪቻል እንደበረደ ወዲያው ከ150 እስከ 200 ላይ 2 ሰዓት ቴምፐር አድርግ (መልሰህ አሙቀው)፤ በጥንካሬ መለኪያ 50 ሮክዌል ሲ አካባቢ ታገኛለህ። ትንሽ ይለስልስልኝ ብለህ ከ425 እስከ 565 እንዳታስገባው። በዚያ ክልል አዲስ ካርባይድ ይወጣል፣ ዝገት መቋቋሙም ስብራት መቋቋሙም አብሮ ይወርዳል። ምላጭ በሞላ (በመሳያ ድንጋይ) ሲሳል ሰማያዊ እስኪሆን የሚሞቅ ከሆነም ጫፉ ላይ ያው ነገር ነው የሚደርሰው።

ብየዳና_አሲድ፦

ወደ ሻፍቱ ልመለስ፣ ከመንከሩ በኋላ ያለው ስለቀረ። 1,060 የገባ ብረት ቅርፊቱ ከ650ው ይብሳል። የሚላገው ይላግ፣ ምላጮቹና ብየዳው ዳር ግን በፒክሊንግ ፔስት ነው የሚነሳው። ፔስቱ ናይትሪክና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ቀድመህ በስቴንለስ ብሩሽ የላላውን አራግፍ፣ ከዚያ 2 ሚሊ ገደማ ወፈር አድርገህ ቀባና ዕቃው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቅ። እንዳይደርቅብህ፣ በፀሐይም አትሥራ። ካለቀ በኋላ በብዙ ውሃ እጠብ፤ የእጣቢውን አሲድነት በኖራ ሳታጠፋ ወደ ቦይ አትልቀቅ። ላዩ እኩል ግራጫ፣ ብርሃን የማያንጸባርቅ ከሆነ ደርሷል።

ይህን በትልቁ ልጻፈው፦ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ላያምም ይችላል፣ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ የሰውነትን ካልሲየም ያስራል፣ ሰው ይገድላል። ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ጠረጴዛው ላይ ሳይቀመጥ የፔስቱ ክዳን አይከፈት። የነካው ሰው ወዲያው በውሃ ይታጠብ፣ ጄሉን ይቀባ፣ ከዚያ ትንሽ ነው ሳይል ሐኪም ቤት ይሂድ።

በመጨረሻ ፓሲቬሽን (መከላከያ ሽፋኑ በደንብ እንዲሠራ ማድረግ)፦ ከ4 እስከ 10 በመቶ ሲትሪክ አሲድ ውስጥ ከጠለቀ በኋላ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ። የብረት ቅንጣት መቅረቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በንጹሕ ውሃ እያራሱ እያደረቁ 24 ሰዓት መከታተል ነው፤ የቀረ ካለ ቡናማ ነጥብ ይወጣል። በኮፐር ሰልፌት የሚደረገውን ፍተሻ ምግብ በሚነካ ዕቃ ላይ አታድርጉት።

ካርባይዱ መሟሟቱን ደግሞ የምትፈትሸው በኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ ኤኤስቲኤም ኤ262 በሚባለው የፍተሻ መመዘኛ ላይ የመጀመሪያው ዘዴ ነው። ከሻፍቱ ጋር አብሮ ምድጃ የገባ ቁራጭ ይኑርህ፣ ከዚያው ዘንግ የተቆረጠ። እስኪያንጸባርቅ አለስልሰው፣ 100 ግራም ኦክሳሊክ ክሪስታል በ900 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሟና ቁራጩን ከፖዘቲቭ አያይዝ፤ በካሬ ሳንቲሜትር 1 አምፔር፣ ለ1 ደቂቃ ተኩል። 1 ካሬ ሳንቲሜትር ብቻ እንዲጋለጥ የቀረውን በጥፍር ቀለም ሸፍን። በማይክሮስኮፕ ከ200 ጊዜ በላይ አጉልተህ ስታየው በቅንጣቶቹ መካከል ደረጃ ብቻ ካለ ተሳክቷል። አንድም ቅንጣት ሙሉ በሙሉ በቦይ ተከቦ ከታየ ግን በዚህ ዘዴ ብቻ አልፏል አይባልም፤ ወይ አልሞቀም፣ ወይ ዘግይቶ ነው የተነከረው። ሌሎቹን በፈላ አሲድ የሚደረጉ ፍተሻዎች እኛ ጋ አልመክርም፤ በዚህ ከፍታ ውሃ እንኳ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ ውጤቱን ከመመዘኛው ጋር ማነጻጸር ያስቸግራል።

ገላን_ቶርኖ፦

ጉድጓዱን ለካሁት፣ ጥልቁ 0.4 ሚሊ ነው። ላይኛው ይችለዋል። ግን ታች ጫፉ ላይ፣ የተቆረጠው ፊት ላይ፣ ከ1 ሚሊ በላይ የሚገቡ አሉ። ጎኑ ላይ እንደዚያ የለም።

አቃቂ_ሜታሉርጂ፦

እሱ የማንጋኒዝ ሰልፋይድ (ብረቱ ውስጥ የሚገኝ የማንጋኒዝና የድኝ ውህድ) ሥራ ነው። ዘንጉ ሲጎተት ሰልፋይዱ በርዝመቱ እንደ ክር ይለጠጣል፤ ጎኑ ላይ ክሩ ተኝቷል፣ የተቆረጠው ፊት ላይ ግን የክሩ ጫፍ ሁሉ ይከፈታል፣ ክሎራይድም በክሩ ተከትሎ ይወርዳል። 1,060 ይህንን አያሟሟውም፣ ስለዚህ ምድጃው ይፈታዋል ብለህ አትጠብቅ። ጫፉን 2 ሚሊ ቆርጠህ ጣል፣ ከዚያ ፊቱን በ308ኤል የብየዳ ዘንግ በአርጎን አንድ ሽፋን በይድበትና እኩል አድርገህ ላገው፤ ብየዳው ክሩን ይዘጋዋል። ይህንን ግን ከምድጃው በፊት ሥራው፣ ብየዳውም አብሮ ይታከማል።

ለሚቀጥለው ሻፍት 316ኤል ግዛ። ሞሊብዲነሙ ከ2 በመቶ ጀምሮ ስላለው፣ ክሮሚየምን ከ3.3 እጥፍ ሞሊብዲነምና ከ16 እጥፍ ናይትሮጅን ጋር የሚደምረው የጉድጓድ መቋቋሚያ ቁጥር ለ304 19 አካባቢ ሲሆን ለ316 ወደ 24 ይደርሳል። ማግኔት ይዘህ ገበያ አትሂድ፤ 201ም 304ም 316ም አይሳቡም። የሞሊብዲነም መለያ ጠብታ ይዘህ ሂድ፣ ወይም በኤክስሬይ መለኪያ አስነብብ።